ሳይመረጥ የተመረጠው፦ ስለ ድሮፕዳውን ዲፎልት የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ፎርም ሲከፈት ተቆልቋዩ ዝርዝር (ድሮፕዳውን) ላይ ቀድሞ ተመርጦ የሚታየው ነገር ላይ። አንዳንዱ ነባሪ ይለዋል፣ አብዛኛው ሰው ግን ዲፎልት ብሎ ነው የሚጠራው፤ እኛም በሁለቱም እንጠቀማለን። የታጎችንና የትእዛዞችን ስም በፊደላችን እንደሚነበቡ አስፍረናቸዋል። ኮድ ላይ ሲያሰፍሯቸው በላቲን ፊደል መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሴሌክት ታግ (ድሮፕዳውኑን የሚሠራው የኤችቲኤምኤል ምልክት) ላይ «ቫልዩ» ብዬ የምፈልገውን ምርጫ ሰጥቼዋለሁ። ገጹ ሲከፈት ግን የሚታየው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። ኢንፑት ላይ እንዲህ ማድረግ ይሠራል፤ እዚህ ለምን እምቢ አለ?

መልስ፦ ኤችቲኤምኤል ውስጥ የሴሌክት ታግ ቫልዩ የሚባል አትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ የሚጻፍ ባሕርይ) ስለሌለው ነው። ብራውዘሩ ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ግራ የሚያጋባው ጃቫስክሪፕት ውስጥ የዚያኑ ሴሌክት ቫልዩ መለወጥ መቻሉ ነው፤ ሪአክት በተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪም ይቻላል። በባዶ ኤችቲኤምኤል ግን ነባሪው የሚነገረው ለኦፕሽኑ፣ ማለትም ለምርጫው መስመር ነው፦

<ሴሌክት ኔም="አላላክ">
<ኦፕሽን ቫልዩ="1">በፖስታ</ኦፕሽን>
<ኦፕሽን ቫልዩ="2" ሴሌክትድ>በኢሜይል</ኦፕሽን>
<ኦፕሽን ቫልዩ="3">በአካል ተገኝቼ</ኦፕሽን>
</ሴሌክት>

ይህ ሲከፈት «በኢሜይል» ተመርጦ ይታያል፣ ሳይነካ ቢላክም ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው 2 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች አሉ። ሴሌክትድ ቡሊያን አትሪቢዩት ነው፤ የሚቆጠረው መኖሩ ብቻ ነው። «ሴሌክትድ እኩል ይሆናል ፎልስ» ብለው ቢጽፉም ያ ምርጫ ይመረጣል። እንዳይመረጥ ከፈለጉ ቃሉን ከነጭራሹ ያውጡት። በሉፕ ዝርዝር የሚያወጣ ኮድ ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ኦፕሽን ላይ ሴሌክትድ ይለጥፋል፤ ያኔ የሚያሸንፈው በቅደም ተከተል የመጨረሻው ነው። «የመጀመሪያውን መርጬ ሌላ ይወጣል» የሚል ችግር ሲገጥም የገጹን ምንጭ ከፍቶ ቃሉ ስንት ጊዜ እንዳለ መቁጠር ይበጃል።

የትኛውም ኦፕሽን ላይ ሴሌክትድ ከሌለስ? ዝርዝሩ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ተራ ድሮፕዳውን ከሆነ ብራውዘሩ ራሱ ይመርጣል፤ ከላይ ጀምሮ ያልተቆለፈውን፣ ማለትም ዲሴብልድ ያልሆነውን የመጀመሪያ ኦፕሽን ይወስዳል። ስለዚህ ተራ ድሮፕዳውን «ዲፎልት የለውም» የሚባል ነገር የለም። እርስዎ ካልወሰኑ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ይወስንልዎታል። መልቲፕል (ከአንድ በላይ መምረጥ የሚፈቅደው) ካለበት ወይም «ሳይዝ» የሚለው፣ ማለትም በአንዴ የሚታዩት መስመሮች ብዛት፣ ከ1 በላይ ከሆነ ግን ምንም ሳይመረጥ ይከፈታል።

አንድ ምክር እንጨምር፤ ለእያንዳንዱ ኦፕሽን ቫልዩ ይስጡ። ካልሰጡ ብራውዘሩ የሚልከው በመካከል ያለውን ጽሑፍ ነው። ዛሬ «በኢሜይል» ብለው ያስቀመጡትን ከወራት በኋላ አንድ ሰው «በኢ-ሜይል» ብሎ ቢያርመው፣ የቀድሞዎቹ መዝገቦች ከየትኛውም ኦፕሽን ጋር አይገጥሙም፤ የማስተካከያው ገጽ ላይም ሁሉም ወደ መጀመሪያው መስመር ይሸሻሉ።

ጥያቄ፦ ከላይ «ይምረጡ» የሚል መስመር አስቀምጬ ነበር። ሰዎች ሳይነኩት ያልፉታል፤ ዳታቤዙ ውስጥ «ይምረጡ» የሚል መልስ ተጠራቅሟል። ሪኳየርድ (መልሱ ግዴታ ነው) ብዬበታለሁ፤ ምንም አልከለከለም።

መልስ፦ አሁን ባልነው ምክንያት ነው። ያ መስመር ቫልዩ ስላልተሰጠው ጽሑፉ ራሱ መልስ ሆኖ ተልኳል፤ ለብራውዘሩ «ይምረጡ» ከሌሎቹ የማይለይ የተሟላ መልስ ነው። ሪኳየርድ የሚሠራው ቫልዩው ባዶ ሲሆን ነው፦

<ሴሌክት ኔም="አላላክ" ሪኳየርድ>
<ኦፕሽን ቫልዩ="">ይምረጡ</ኦፕሽን>
<ኦፕሽን ቫልዩ="1">በፖስታ</ኦፕሽን>
...

ባዶ ቫልዩ መስጠት ብቻውንም አይበቃም። መስመሩ በዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ ኦፕትግሩፕ (ኦፕሽኖችን በቡድን የሚያቅፍ ታግ) ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሴሌክቱም መልቲፕል የሌለበት ባለ አንድ መስመር መሆን አለበት። ባዶውን መስመር ሁለተኛ ቦታ ላይ ወይም ግሩፕ ውስጥ ካስቀመጡት ብራውዘሩ እንደ ተራ መልስ ቆጥሮ ያሳልፈዋል። ሪኳየርድ ተጽፎ «አልሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ተጓድሎ ነው።

በየቦታው የሚታየው ሌላው ዘዴ ይኸንኑ መስመር ዲሴብልድ ማድረግ ነው፤ ሰው አንዴ ሌላ ከመረጠ በኋላ ወደ «ይምረጡ» እንዳይመለስ። ጥሩ ነው፤ ግን ዲሴብልድ ካደረጉት ሴሌክትድም መጨመር ግድ ነው። ካልጨመሩ፣ ብራውዘሩ የተቆለፈውን ዘልሎ ቀጣዩን ስለሚመርጥ ገጹ «በፖስታ» ተመርጦ ይከፈታል፤ ሪኳየርድም መልስ አገኘሁ ብሎ ዝም ይላል። ከመጀመሪያው የባሰ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም «ይምረጡ» የሚለውን ቆሻሻ ዳታ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፣ ማንም ያልመረጠውን «በፖስታ» ግን ከእውነተኛው መለየት አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ፦ የተመረጠው ኦፕሽን ዲሴብልድ ከሆነ ፎርሙ ሲላክ መስኩ ከነስሙ ይቀራል። ባዶ ሆኖ አይደርስም፤ ጨርሶ አይደርስም። ሰርቨሩ ላይ «አላላክ» የሚባል ቁልፍ አለ ብሎ የሚተማመን ኮድ እዚያ ላይ ይወድቃል። «ሂድን» የሚለውን አትሪቢዩት ጨምሮ መስመሩን ከዝርዝሩ መደበቅም የተለመደ ነው፤ ሁሉም ብራውዘር እኩል ስለማያከብረው ግን ባይደበቅም ችግር የማይፈጥር አድርገው ያዘጋጁት።

መስኩ ግዴታ ካልሆነ ዲሴብልድ አያድርጉት። በስህተት የመረጠ ሰው ወደ ባዶ መመለሻ መንገድ ያስፈልገዋል። «ይምረጡ» የሚለውም የመስኩን ስም አይተካም፤ ሰው ከመረጠ በኋላ ስለሚጠፋ ጥያቄው ምን እንደነበር የሚናገር ሌብል ከሴሌክቱ አይዲ ጋር አስረው ያስቀምጡ። በብራውዘሩ በኩል የተደረገው ቁጥጥር ሁሉ ደግሞ በቀላሉ የሚታለፍ ስለሆነ፣ የመጣው ቫልዩ ከተፈቀዱት አንዱ መሆኑን ሰርቨሩ ላይ ድጋሚ መፈተሽ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ሴሌክትድን ወደ ሌላ ኦፕሽን አዛውሬ ሪፍሬሽ ሳደርግ የድሮው ምርጫ ነው የሚታየው። ካሽ አጽድቼም ያው ነው።

መልስ፦ በፋየርፎክስ እየሞከሩ ይመስላል። ፋየርፎክስ ገጹ በተራ ሪፍሬሽ ሲጫን ቀድሞ በፎርሙ ላይ የነበረውን ምርጫ መልሶ ያስቀምጣል፤ ኮድዎ ትክክል ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና አርን አንድ ላይ ቢጫኑ አዲሱ ይታያል። ተጠቃሚዎችዎ ላይም እንዳይደርስ ከፈለጉ ሴሌክቱ ወይም ፎርሙ ላይ ኦቶኮምፕሊትን «ኦፍ» ያድርጉት። በ«ባክ» ሲመለሱ የቀድሞ ምርጫ ተጠብቆ መቆየቱ ግን የሁሉም ብራውዘር ጠባይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለግ ስለሆነ ባይነኩት እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ የማስተካከያ ገጽ በፒኤችፒ እየሠራሁ ነው። ከዳታቤዝ የመጣውን ከእያንዳንዱ ኦፕሽን ጋር አወዳድሬ ሲገጥም ሴሌክትድ አወጣለሁ። አብዛኛው ልክ ነው፤ ገና ያልተሞላ መዝገብ ስከፍት ግን ቁጥሩ 0 የሆነው «የለም» የሚለው ምርጫ ተመርጦ ይመጣል። በሁለት እኩል ምልክት ማወዳደር ትቼ በሦስት ሳደርገው ደግሞ ምንም አይመረጥም።

መልስ፦ ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፦ የሚወዳደሩት ነገሮች ዓይነት አይገጥምም።

ያልተሞላው መዝገብ ነል (ዋጋ የለም ማለት ነው) ይዞ ይመጣል። የምርጫዎቹ ዝርዝር አሬይ (ቁልፍና ዋጋ የያዘ ዝርዝር) ውስጥ ከሆነ ደግሞ፣ ቁልፉን በጥቅስ ውስጥ «0» ብለው ቢጽፉትም ፒኤችፒ ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) 0 ይለውጠዋል። በሁለት እኩል ምልክት ሲወዳደሩ ነልና ኢንቲጀር 0 እኩል ናቸው፤ «የለም» የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሦስት እኩል ምልክት ሲያደርጉ ዓይነቱም መግጠም ስላለበት፣ ከዳታቤዝ የመጣው «2» ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ የአሬዩ ቁልፍ 2 ኢንቲጀር ሆኖ አይገናኙም። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ፒኤችፒ 8 የሁለት እኩል ምልክቱን ልል ማወዳደር በከፊል አጥብቆታል፤ ቀድሞ 0 ከባዶ ስትሪንግ ጋር እኩል ነበር፣ አሁን አይደለም። ነልና 0 ግን ዛሬም እኩል ናቸው፤ ቨርዥን ማሳደግ ከዚህ አያድንዎትም።

መፍትሔው ሁለቱንም ወገን ወደ ስትሪንግ ለውጦ በሦስት እኩል ምልክት ማወዳደር ነው። ነል ወደ ስትሪንግ ሲለወጥ ባዶ ስለሚሆን የሚገጥመው ባዶ ቫልዩ ካለው «ይምረጡ» ጋር ብቻ ይሆናል፤ እርስዎም የሚፈልጉት ያንን ነው። ኮዶችዎ «01» እና «1» ዓይነት ከሆኑም ይህ ያድናል፤ ሁለት እኩል ምልክት እነዚህን እንደ ቁጥር አይቶ አንድ ያደርጋቸዋል።

ከማወዳደሩ በፊት ደግሞ የትኛው ዋጋ እንደሚቀድም ይወሰን። ፎርሙ ተልኮ በስህተት ምክንያት ተመልሶ ከሆነ ሰውየው አሁን የመረጠው ይቅደም፤ እሱ ከሌለ የተቀመጠው፤ እሱም ከሌለ ነባሪው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው ሰው ስልኩን አርሞ መልሶ ሲልክ ሌላ ቦታ የመረጠው ሳያየው ወደ ዲፎልቱ የሚመለስበት። በፒኤችፒ ሦስቱን በድርብ የጥያቄ ምልክት ያያይዟቸው። በጥያቄ ምልክትና በሁለት ነጥብ የሚሠራውን አጭር መንገድ አይጠቀሙ፤ እሱ «0»ን እንደሌለ ቆጥሮ ይዘለዋል፣ «የለም» ብሎ የመረጠ ሰውም መልሱ ይጠፋበታል።

ላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ከሆነ ኦልድ የሚለው ፈንክሽን ሁለተኛ ቦታው ላይ የተቀመጠውን ሲሰጡት ቅደም ተከተሉን ይጠብቅልዎታል፤ ከላራቬል 9 ጀምሮም ሴሌክትድ የሚል የብሌድ (የላራቬል የገጽ ቴምፕሌት) ዳይሬክቲቭ አለ። ጃንጎ (የፓይተን ፍሬምወርክ) ላይ ኢኒሺያል የሚለው የሚታየው ፎርሙ ገና ዳታ ሳይሰጠው ነው፤ ሪኩዌስት ፖስት (ተጠቃሚው የላከው ዳታ) ከተሰጠው በኋላ ኢኒሺያልን አያየውም። ሰው ባዶ አድርጎ የላከውን መስክም በኢኒሺያሉ አይሞላውም። በሞዴል ፎርም መስኩ ላይ የጻፉት ኢኒሺያል ካልታየዎት ደግሞ የመዝገቡ ዋጋ ስለሚቀድመው ነው፤ ፎርሙን ሲጠሩ ቢሰጡት ግን ከመዝገቡም ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ሁለት ተያያዥ ድሮፕዳውኖች አሉኝ፤ ምድብና ንዑስ ምድብ። ንዑሱ በጃቫስክሪፕት ከሰርቨር ይመጣል። ዲፎልቱን ስሰጠው ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴ ግን ይሠራል።

መልስ፦ «አንዳንዴ ይሠራል» የሚለው ብቻውን ምርመራውን ጨርሶታል፤ የቅደም ተከተል ሽቅድምድም ነው። የሴሌክትን ቫልዩ በጃቫስክሪፕት ሲሰጡ ብራውዘሩ በዚያች ቅጽበት ካሉት ኦፕሽኖች መካከል የሚገጥመውን ይፈልጋል። ካላገኘ የነበረውን ምርጫ አንስቶ ሴሌክትድ ኢንዴክስን (የተመረጠውን መስመር ተራ ቁጥር) ወደ -1 ያወርደዋል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ያ ነው። ኋላ ኦፕሽኖቹ ሲደርሱ የጠየቁትን አያስታውስም። ስለዚህ ዋጋውን መስጠት ያለብዎት ፌች ብለው (ሰርቨሩን ጠይቀው)፣ ምላሹን ጠብቀው፣ ኦፕሽኖቹን ሴሌክቱ ውስጥ ከጨመሩ በኋላ ነው። ምላሹን በማይጠብቅ ሌላ ቦታ ቢጽፉት ሰርቨሩ ሲፈጥን ብቻ የሚሠራ ኮድ ይሆናል።

ኮንሶል ላይ ለማረጋገጥ ዋጋውን ከሰጡ በኋላ ሴሌክትድ ኢንዴክስን ያትሙት። -1 ከሆነ ወይ ኦፕሽኑ ገና አልመጣም፣ ወይ ቫልዩው በአንድ ክፍተት ወይም በትልቅና በትንሽ ፊደል ልዩነት አልገጠመም። ተጠቃሚው ነጭ ሳጥን እንዳያይ -1 ሲሆን ወደ 0 የሚመልስ አንድ መስመር ይጨምሩ።

ሁለተኛው ወጥመድ፦ ዋጋውን በኮድ ሲለውጡ ቼንጅ የሚባለው ኢቨንት (ምርጫ መለወጡን የሚያሳውቀው) አይነሳም። የምድቡን ዲፎልት በኮድ ሰጥተው «ንዑሱ ለምን አልተጫነም?» የሚሉት ለዚህ ነው። ንዑሱን የሚጭነውን ፈንክሽን በቀጥታ ይጥሩት፤ ወይም ዲስፓች ኢቨንት ብለው ቼንጁን ራስዎ ያስነሱ፣ «ባብልስ» የሚለውን ትሩ አድርገው። ሴሌክት2 ዓይነት ድሮፕዳውኑን የሚያስጌጥ ላይብረሪ ካለ ይህ ይበልጥ ግድ ነው፤ ቼንጅ ካልሰማ ከታች ያለው ዋጋ ተለውጦ እንኳ ላዩ ላይ የቀድሞው ተጽፎ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ ሰው ምድቡን በፍጥነት ሁለቴ ሲቀያይር የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከሁለተኛው ዘግይቶ ሊደርስና ንዑሱን በተሳሳተ ዝርዝር ሊሞላው ይችላል። አዲስ ጥያቄ ከመላክዎ በፊት የቀድሞውን በአቦርት ኮንትሮለር ያቋርጡት።

ጥያቄ፦ «ሪሴት» የሚል ቁልፍ አለኝ። ሲጫኑት በጃቫስክሪፕት ወዳስቀመጥኩት ዲፎልት ሳይሆን ወደ ሌላ ምርጫ ይሄዳል።

መልስ፦ ሪሴት የሚመልሰው ሴሌክትድ የሚለው አትሪቢዩት ወዳለበት ኦፕሽን ነው። እርስዎ በኮድ የለወጡት የአሁኑን ምርጫ እንጂ መነሻውን አይደለም። መነሻውን ለመለወጥ የኦፕሽኑን ዲፎልት ሴሌክትድ ትሩ ያድርጉት፣ የሌሎቹን ፎልስ። አትሪቢዩቱን ብቻ መጨመርም ተጠቃሚው አስቀድሞ ምርጫውን ነክቶት ከሆነ የሚታየውን ላይለውጥ ስለሚችል፣ ሁለቱንም ያድርጉ፤ ለአሁኑ ቫልዩን፣ ለሪሴት ዲፎልት ሴሌክትድን።

ጥያቄ፦ ሪአክት ላይ ኦፕሽን ውስጥ ሴሌክትድ ስጽፍ ኮንሶሉ ያስጠነቅቀኛል። ቪው በተባለው ሌላ ፍሬምወርክ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

መልስ፦ ሪአክት ዲፎልቱ እንዲነገረው የሚፈልገው በሴሌክቱ ላይ ነው። ፎርሙ ሲላክ ብቻ የሚያነቡት ከሆነ ዲፎልት ቫልዩ ይበቃል፤ እሱ ግን የሚነበበው ክፍሉ መጀመሪያ ሲወጣ አንዴ ብቻ ነው። ዳታው ዘግይቶ ከመጣ አዲሱን አያየውም፤ ወይ ዳታው እስኪደርስ ሴሌክቱን አያውጡት፣ ወይ «ኪ» የሚባለውን የሴሌክቱን መለያ ለውጠው እንደ አዲስ እንዲወጣ ያድርጉት። በስቴት (ሪአክት በሚያስታውሰው ዋጋ) የሚቆጣጠሩት ከሆነ ቫልዩና ኦን ቼንጅ አብረው ይሁኑ፤ ኦን ቼንጅ የሌለው ቫልዩ ድሮፕዳውኑን ያደርቀዋል፣ ቢመርጡም ይመለሳል። የስቴቱ መነሻ ነል ሳይሆን ባዶ ስትሪንግ ይሁን። ከኢቨንቱ የሚመጣው ዋጋ ምንጊዜም ስትሪንግ መሆኑንም አይርሱ፤ ቁጥር 3ን ከ«3» ጋር በሦስት እኩል ምልክት ሲያወዳድሩ ነው የሚታወቀው።

ቪው ላይ ቪ ሞዴል (መስኩን ከተለዋዋጭ ጋር የሚያስረው) ካለ ሴሌክትድ የሚለው አይታይም፤ ዲፎልቱ የቪ ሞዴሉ ተለዋዋጭ መነሻ ዋጋ ነው። ያ ዋጋ ከየትኛውም ኦፕሽን ጋር ካልገጠመ አይኦኤስ ላይ የመጀመሪያውን መስመር መምረጥ ያስቸግራል፤ ስልኩ ቀድሞውንም የተመረጠ ስለሚመስለው ቼንጅ አያነሳም። ባዶ ቫልዩ ያለው ዲሴብልድ መስመር ከላይ ማስቀመጥ መድኃኒቱ ነው።

ጥያቄ፦ ነባሪውን ሰዎች እንዳይለውጡት ሴሌክቱን ዲሴብልድ አደረግኩት። አሁን ሰርቨሩ ምንም አይደርሰውም።

መልስ፦ የተቆለፈ መስክ አይላክም። ሪድኦንሊም ለሴሌክት አይሠራም። ለመታየት የተቆለፈውን ሴሌክት ይተዉትና፣ የሚላከውን በዚያው ስም በተሰወረ ኢንፑት ያስቀምጡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የማይለወጥን ነገር ከብራውዘር አለመቀበል ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ያውቀዋልና ራሱ ይሙላው። የተሰወረ ኢንፑትን መለወጥ የሰከንዶች ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ዳታቤዙ ላይ ለዓምዱ ዲፎልት ሰጥቻለሁ፤ ሰው ካልመረጠ ያ ይገባል ብዬ ነበር። የሚገባው ባዶ ነው።

መልስ፦ የዳታቤዝ ዲፎልት የሚሠራው ኢንሰርቱ ላይ ዓምዱ ሳይጠቀስ ሲቀር ነው። ፎርሙ ባዶ ስትሪንግ ከላከና ኮድዎ ያንን ካስገባ፣ ለዳታቤዙ ባዶም የተሰጠ ዋጋ ነው። ነል ቢያስገቡም እንዲሁ። ባዶ ሲመጣ ዓምዱን ከኢንሰርቱ ያውጡት፣ ወይም በዋጋው ቦታ ዲፎልት የሚለውን ቁልፍ ቃል ያስገቡ። የፎርሙ ነባሪና የዳታቤዙ ነባሪ የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ሲለውጡ ሌላውን መለወጥ የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

ጥያቄ፦ ጎግል ፎርምስ ላይስ እንዴት ነው የማደርገው? ኮድ አልችልም።

መልስ፦ ጎግል ፎርምስ ለድሮፕዳውን ጥያቄ ነባሪ መስጫ የለውም። ያለው መንገድ ቀድሞ የተሞላ ሊንክ ማውጣት ነው፦ ፎርሙን በአርታኢው ከፍተው በቀኝ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ፣ ቀድሞ የተሞላ ሊንክ የሚለውን ይምረጡ፣ መልሱን ይሙሉ፣ ሊንኩን ይቅዱ። ነባሪው የሚታየው በዚያ ሊንክ ለገቡት ብቻ ነው፤ በተራው ሊንክ የገባ ሰው ባዶውን ነው የሚያየው። ዎርድፕረስ ላይ ኮንታክት ፎርም 7 የሚጠቀሙ ደግሞ በሴሌክቱ ታግ ውስጥ ዲፎልት፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም የመስመሩን ቁጥር ይጻፉ፤ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ለየትኛው መስክ ነባሪ መስጠት ተገቢ ነው? አለቃዬ ሁሉም ቀድሞ ይሞላ ይላል፤ ፎርሙ ቶሎ ያልቃል በሚል።

መልስ፦ አለቃዎ ስለ ፍጥነቱ ልክ ናቸው፤ ስለ «ሁሉም» ግን አንስማማም። ነባሪ ሰውየው ሳይናገር እርስዎ የሚመልሱለት መልስ ነው። መልሱን በእርግጥ የሚያውቁት ከሆነ፣ ለምሳሌ ገብቶ ያለ ተጠቃሚ ቀድሞ የመረጠው ቋንቋ ወይም አንድ ገጽ ላይ የሚታየው የውጤት ብዛት ከሆነ፣ ይስጡት። ሰው ሳያየው ቢያልፍ ጉዳት የማያመጣና በኋላ የሚለወጥ ከሆነም ይስጡት። ጾታን፣ የትውልድ ዓመትን፣ የደም ዓይነትን፣ የሕመም ታሪክን ግን በባዶ ይክፈቱ። የደም ዓይነት ዝርዝር በፊደል ተራ ተደርድሮ ያለ «ይምረጡ» ከተከፈተ፣ የቸኮለ ሰው ሁሉ ከላይ ባለው ዓይነት ይመዘገባል፤ ያንን ስህተት ከዳታው ብቻ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ፈቃድ የሚጠየቅበት ከሆነ ነገሩ የሕግም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጥቅምት 1 ቀን 2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፕላኔት49 በተባለው መዝገብ፣ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይሆንም ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ ስለ ቼክቦክስ ቢሆንም፣ «እስማማለሁ» ተመርጦ የሚከፈት ድሮፕዳውንም በተመሳሳይ አመክንዮ የሚቆም አይመስለንም።

ጥያቄ፦ የወር ዝርዝር አለኝ፤ ዛሬ ያለንበት ወር ተመርጦ እንዲከፈት በጃቫስክሪፕት አደረግኩ። ሁልጊዜ ያለፈውን ወር ያሳያል፤ ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ነጭ ሆነ።

መልስ፦ ጌት መንዝ ወርን ከ0 ነው የሚቆጥረው፤ ጃንዋሪ 0፣ ዲሴምበር 11። የእርስዎ ዝርዝር ከ1 እስከ 12 ስለሆነ ሁሌ አንድ ይጎድላል፤ 0 የሚባል ኦፕሽን ስለሌለ ጃንዋሪ ላይ ሴሌክትድ ኢንዴክስ -1 ይሆናል። 1 ይደምሩበት። ቫልዩዎቹ «01»፣ «02» እያሉ የተጻፉ ከሆነም ፓድ ስታርት ብለው ሁለት አሃዝ ያድርጉት፤ ሴሌክት ሲያወዳድር ስትሪንግን ከስትሪንግ ስለሆነ «3» እና «03» አይገናኙም። ቀኑን ከቱ አይኤስኦ ስትሪንግ ቆርጠው የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ እሱ የሚሰጠው የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት ነው፤ ከዩቲሲ በቀደመ ወይም በዘገየ አገር ያለ ተጠቃሚ በወሩ መጨረሻና መጀመሪያ ሰዓታት ላይ የሌላ ወር ስም ተመርጦ ያገኛል።